ኮሎስቶሚ ይዞ ሲጓዙ ሆድ እንዳይታመም፣ ከታመመም እንዳይበረታ

ኮሎስቶሚ ማለት ትልቁ አንጀት በቀዶ ሕክምና ወደ ሆድ ላይ ወጥቶ ሰገራው እዚያ በሚለጠፍ ከረጢት ውስጥ የሚጠራቀምበት ነው። ኮሎስቶሚ ያለው ሰው ጉዞ ሲያስብ መጀመሪያ የሚያሳስበው የከረጢቱ ማፍሰስ ነው። ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን መንገደኛን አልጋ ላይ የሚጥለው ብዙውን ጊዜ ተቅማጥ ነው። ተቅማጥ ከመጣ ደግሞ ማፍሰሱም ተከትሎ ይመጣል። ስለዚህ ሆድን መጠበቅ ከረጢቱንም መጠበቅ ነው።

ከመነሻው አንድ ነገር እናጥራ። ኮሎስቶሚ ስላላችሁ ብቻ የሆድ በሽታ ከሌላው ሰው በቀለለ አይይዛችሁም። ጀርሙ የሚገባው በአፍ ነው፤ በስቶማው፣ ማለትም ሆድ ላይ በተከፈተው የሰገራ መውጫ፣ አይደለም። ጨጓራችሁና ትንሹ አንጀታችሁ ሥራቸውን እንደ ድሮው ይሠራሉ። ልዩነቱ ሁለት ቦታ ላይ ነው። አንደኛው፣ እጃችሁ በቀን ውስጥ ደጋግሞ ከሰገራ አጠገብ ይደርሳል። ሁለተኛው፣ ተቅማጥ ሲይዛችሁ መጸዳጃ ቤት እስክትደርሱ መቆጣጠር አትችሉም። ከረጢቱ ቶሎ ይሞላል፣ ማጣበቂያው ይላቀቃል፣ ቆዳችሁ ይቆስላል። ሌላው ሰው በሁለት ቀን የሚረሳው ነገር እናንተን ሳምንት ሊያስቸግር ይችላል።

ከዚህ በታች ያለው ለኮሎስቶሚ ነው። ስቶማችሁ ከትንሹ አንጀት የወጣ ኢሊዮስቶሚ ከሆነ የሰውነት ፈሳሽ የሚያልቀው በጣም በፍጥነት ነው፤ ከጉዞው በፊት ከሐኪማችሁ የራሳችሁን መመሪያ ውሰዱ።

ከጉዞው 4 እስከ 6 ሳምንት በፊት፦ ሐኪም ዘንድ

ክትባት ለመሥራት ጊዜ ስለሚፈልግ ነው ይህን ያህል ቀደም የሚባለው። በምግብና በውሃ ከሚተላለፉት መካከል ለሄፓታይተስ ኤ እና ለታይፎይድ ክትባት አለ። የታይፎይድ ክትባት ሁለት ዓይነት ነው፤ በመርፌ የሚሰጥና በአፍ የሚዋጥ፤ የሚዋጠው ግን አሁን በብዙ ቦታ ላይገኝ ይችላል። የሚዋጠው የተዳከመ ግን በሕይወት ያለ ባክቴሪያ ነው። ኮሎስቶሚው የተሠራላችሁ በካንሰር ምክንያት ከሆነና አሁንም ኬሞቴራፒ ላይ ከሆናችሁ፣ ወይም የሰውነትን የመከላከል አቅም የሚቀንስ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ እንዲህ ያለው ሕያው ክትባት አይሆናችሁም። የቢጫ ወባ ክትባትም ሕያው ነው። ለሚከትባችሁ ሰው ሳይጠይቃችሁ ቀድማችሁ ንገሩት።

ሐኪሙን ሳታገኙ እንዳትሄዱ የምላችሁ ግን ስለ ክትባት ብቻ ብዬ አይደለም። ሦስት ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ።

የመጀመሪያው ስለ ጨጓራ መድኃኒት ነው። ኦሜፕራዞልና መሰሎቹ የጨጓራን አሲድ ይቀንሳሉ። አሲዱ ደግሞ ከምግብ ጋር የገባውን ጀርም ከሚገድሉት ነገሮች አንዱ ነው። ይህን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ለተቅማጥ የበለጠ ይጋለጣል። በገዛ ፈቃዳችሁ አታቁሙት፤ አሁንም ያስፈልገኝ እንደሆነ ብላችሁ ጠይቁ። ሁለተኛው፣ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም ሽንት የሚያበዛ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ፣ ተቅማጥ በያዛችሁ ቀን ምን ማድረግ እንዳለባችሁ ነው። አንዳንዶቹ ፈሳሽ በጎደለው ሰውነት ላይ ኩላሊት ይጎዳሉ። ሦስተኛው፣ ለክፉ ቀን የሚሆን አንቲባዮቲክ ይታዘዝልኝ ወይ የሚለው ነው። ከታዘዘላችሁ መቼ እንደሚጀመርና ስንት ቀን እንደሚወሰድ በወረቀት አስጽፉ። በሌሊት ትኩሳት ይዟችሁ በቃል የተነገራችሁን ማስታወስ ይከብዳል።

ኮሎስቶሚ እንዳላችሁና የምትወስዷቸውን መድኃኒቶች የሚገልጽ አጭር ደብዳቤም ያዙ። የምትሄዱበት አገር ቋንቋ የተለየ ከሆነ አስተርጉሙት።

ሻንጣ ስታዘጋጁ

በተለምዶ ከምትጠቀሙት ሁለት እጥፍ ከረጢት ያዙ። ሁሉንም በእጅ በሚያዝ ሻንጣ ውስጥ አድርጉት፤ ለአውሮፕላኑ የተሰጠ ሻንጣ ሌላ ከተማ ሊያድር ይችላል። የማጣበቂያውን ቀዳዳ ቤት ውስጥ በስቶማችሁ ልክ ቆርጣችሁ ጨርሱ፤ መቀስ በፍተሻ ላይ ሊያከራክር ይችላል። በፀሐይ በቆመ መኪና ውስጥ አትተዉት፤ ማጣበቂያው በሙቀት ይበላሻል።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነገር። ሰገራው ደረቅ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠቀመው ዝግ ከረጢት ነው፤ ሲሞላ ተነቅሎ የሚጣለውን። ተቅማጥ ሲመጣ ግን ይህ ከረጢት አያዋጣም። በቀን ስምንት ጊዜ ማጣበቂያ መንቀል ማለት በቀን ስምንት ጊዜ ቆዳን መላጥ ነው። ስለዚህ ከታች ተከፍቶ የሚደፋ ከረጢት ለጥቂት ቀን የሚበቃችሁን ያዙ። ከዚህ በፊት ተጠቅማችሁበት የማታውቁ ከሆነ ቤት ሆናችሁ አንድ ሁለቴ ሞክሩት። አከፋፈቱንና አዘጋጉን የምትማሩበት ቀን የታመማችሁበት ቀን መሆን የለበትም።

የሕመም ቀን ዕቃ ለብቻው በትንሽ ቦርሳ ይሁን። ኦአርኤስ (በውሃ ተበጥብጦ የሚጠጣ የስኳርና የጨው ዱቄት)፣ ቴርሞሜትር፣ ሎፐራማይድ (ተቅማጥ የሚያስታግስ መድኃኒት)፣ የስቶማ ዱቄት፣ ሳሙና፣ ሳኒታይዘር፣ ሶፍት፣ ፌስታል፣ የሻይ ማንኪያና ባለ 1 ሊትር ጠርሙስ። ጠርሙሱ የኦአርኤሱን ውሃ በትክክል ለመለካት ነው።

ውሃ

የታሸገ ውሃ ስትገዙ ክዳኑን ራሳችሁ ክፈቱት፤ ቀለበቱ ሲበጠስ ድምፁን ስሙ። ለመንገደኛ ብዙ ጊዜ ጋዝ ያለው ውሃ ይመከራል፤ አስመስሎ ማሸግ ስለሚያስቸግር ነው። ለእናንተ ግን ጋዙ ከረጢቱን ይነፋዋል። አውሮፕላን ላይ ደግሞ የአየር ግፊቱ ስለሚቀንስ አንጀት ውስጥ ያለ ጋዝ ይሰፋል። እኔ ክዳኑ ያልተነካ ጋዝ የሌለው ውሃ እመርጣለሁ።

የታሸገ ከሌለ አፍሉ። ውሃው መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 1 ሙሉ ደቂቃ ይበቃዋል። ከባህር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር በሚበልጥ ቦታ ላይ ከሆናችሁ ግን 3 ደቂቃ አድርጉት፤ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው ባነሰ ሙቀት ነው። ከዚያ ከድናችሁ በዚያው ዕቃ ይቀዝቅዝ። የክሎሪን እንክብል ከተጠቀማችሁ የማሸጊያውን መመሪያ ተከተሉ፤ አብዛኛው ቢያንስ 30 ደቂቃ መቆየት አለበት። ክሎሪን ግን ክሪፕቶስፖሪዲየም የሚባለውን ጥገኛ ተህዋስ አይገድልም። በእጅ የሚያዝ ማጣሪያ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ ጥሩው ባክቴሪያና ጥገኛ ተህዋስ ያስቀራል፣ ቫይረስ ግን ያልፈዋል። ማፍላት ሁሉንም ይገድላል። ጊዜና እሳት ካለ ማፍላትን የሚያህል የለም።

የምንጠጣውን ውሃ ሁላችንም እናስባለን። የሚያዘናጋን ሌላው ነው። በረዶ ከቧንቧ ውሃ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ የሚገባበት መጠጥ አልኮል ቢሆንም አይጸዳም። ጥርስ ስትቦርሹ፣ መድኃኒት ስትውጡ፣ ሻወር ስትወስዱ ትንሽ ትንሽ ይገባል። ታጥቦ ውሃው ያልደረቀ ብርጭቆም እንደዚያው ነው።

አንጀታችሁን በውሃ የምታጥቡ፣ ማለትም በስቶማው በኩል ለብ ያለ ውሃ በማስገባት ሰገራውን የምታስወጡ ከሆነ፣ ይህን ሁለቴ አንብቡት። ትልቁ አንጀት ውሃ ይመጥጣል። ያስገባችሁት ውሃ በሙሉ ተመልሶ አይወጣም። ለመጠጥ የማይሆን ውሃ ለማጠቢያም አይሆንም። በአንድ ጊዜ ከግማሽ እስከ 1 ሊትር ስለሚሄድ ቀድማችሁ አስቡበት፤ ወይ በቂ የታሸገ ውሃ ግዙ፣ ወይ ማታ አፍልታችሁ አሳድሩ። ያ የማይመች ከሆነ ለጉዞው ያህል ማጠቡን ትታችሁ በከረጢት ብቻ መቆየት ይቻላል። ይህንንም ከስቶማ ነርሳችሁ ጋር ቀድማችሁ ተነጋገሩ።

የስቶማውን ዙሪያ ለማጽዳት ግን ይህን ያህል መጨነቅ አያስፈልግም። ስቶማው የሰገራ መውጫ ነው፤ ከጀርም የጸዳ ውሃ አይፈልግም። ውሃው አጠራጣሪ ከመሰላችሁ የምትጠጡትን ተጠቀሙ፤ የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። ሳኒታይዘርና ሽቶ ያለው እርጥብ ሶፍት ግን እዚያ አይደርስም። አልኮሉ ቆዳውን ያቃጥላል፣ ቅባቱ ደግሞ ማጣበቂያው እንዳይይዝ ያደርጋል።

እጅ

ለኮሎስቶሚ ባለቤት ከሁሉም በላይ የምለው ይህን ነው። የምትበሉትን ምንም ያህል ብትመርጡ እጃችሁ ካልጸዳ ዋጋ የለውም። የሕዝብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ከረጢት መድፋትን አስቡት። በሩን ትገፋላችሁ፣ መቀርቀሪያውን ትነካላችሁ፣ ቦርሳውን ታስቀምጣላችሁ፣ ስልክ ይጠራል። እያንዳንዱ ቦታ ከእናንተ በፊት በሌላ እጅ ተነክቷል። ስለዚህ ቅደም ተከተል ይኑራችሁ።

ከመግባታችሁ በፊት ስልኩ ኪስ ይግባ። የሚያስፈልጋችሁን ሶፍትና ፌስታል ኪሳችሁ ውስጥ አድርጉ። ቦርሳው ወለል ላይ አይቀመጥም፤ ማንጠልጠያ ከሌለ አንገታችሁ ላይ ይሁን። ከረጢቱን ከመንካታችሁ በፊት እጃችሁን ታጠቡ ወይም በሳኒታይዘር አጽዱ። ብዙ ሰው የሚታጠበው ከጨረሰ በኋላ ብቻ ነው። ነገር ግን የአውቶቡሱን መያዣ ሲጨብጥ የዋለው እጅ ነው ንጹሑን ከረጢት የሚነካው፤ ያ ከረጢት ደግሞ ቀኑን ሙሉ ከእናንተ ጋር ይውላል።

ከደፋችሁ በኋላ የመውጫውን ጫፍ ከውጭም ከውስጥም በሶፍት ጥረጉ። እዚያ የቀረችው ትንሽ ነገር ናት በኋላ ልብስ ላይ፣ ከዚያም ጣት ላይ የምትገኘው። ዝጉት። ከዚያ በሳሙና 20 ሰከንድ ያህል ታጠቡ፤ አውራ ጣት፣ የጣቶች መካከልና ጥፍር ሥር አይረሱ። ጥፍራችሁን በጉዞ ወቅት አጭር አድርጉት። እጃችሁን አድርቁ፣ በዚያው ሶፍት ቧንቧውን ዝጉ፣ በሩንም ክፈቱበት።

ሳኒታይዘር ጥሩ ነው፤ ቢያንስ 60 በመቶ አልኮል ይኑረው። ኖሮቫይረስን ግን በደንብ አይገድልም። ኖሮቫይረስ ደግሞ መርከብ፣ ሆቴልና የቡድን ጉዞ ላይ ተቅማጥና ትውከት ከሚያስነሱት ዋናው ነው። ስለዚህ ትንሽ ሳሙናና አንድ ጠርሙስ ውሃ ሁልጊዜ ያዙ፤ ቧንቧው ደርቆ ብታገኙት በዚያ ትታጠባላችሁ። ጓንት የምትጠቀሙም ብትሆኑ ስታወልቁ መታጠቡ አይቀርም።

ምግብ

ደንቡ ቀላል ነው። በደንብ የበሰለና እንፋሎቱ እየወጣ የቀረበ ምግብ ብሉ። ራሳችሁ ታጥባችሁ የላጣችሁትን ፍራፍሬ ብሉ። ጥሬ ሥጋ፣ ጥሬ ዓሣ፣ ያልበሰለ እንቁላል፣ ያልፈላ ወተትና በቧንቧ ውሃ የታጠበ ሰላጣ ይቅር። በቡፌ ላይ ለብ ብሎ የቆየ ምግብ ውበቱ አያታልላችሁ። የበሰለ ምግብ በክፍል ሙቀት ከ2 ሰዓት በላይ፣ ከ32 ዲግሪ በላይ በሆነ ሙቀት ደግሞ ከ1 ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም። ሩዝም እንደ ዋዛ አይታለፍ፤ ተቀቅሎ ውጭ ያደረ ሩዝ የሚያስመልስ መርዝ ያፈራል፣ እንደገና ማሞቅም መርዙን አያጠፋውም። ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን የዋለ ማባያም እንዲሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በመንገድ ላይ ቀን፣ ማለትም አውሮፕላን ወይም አውቶቡስ ውስጥ በምትውሉበት ቀን፣ ቀምሳችሁ የማታውቁትን ምግብ አትጀምሩ። ምግቡ መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ሰገራችሁ ቢላላ ምግቡ ይሁን ጀርሙ መለየት ስለማትችሉ ነው። አዲሱን ምግብ መጸዳጃ ቤት ቅርብ በሆነበት ቀን ሞክሩት።

ሌላው ከልቤ የማዝንበት ልማድ፣ ከረጢቱ እንዳይሞላ ብሎ መራብና መጠማት ነው። ባዶ አንጀት ጋዝ ያበዛል። ውሃ ያጣ አንጀት ደግሞ ይደርቃል፣ ሰገራውም አልወጣ ይላል። ከዚያ ላይ ተቅማጥ ቢጨመር ሰውነቱ ምንም መጠባበቂያ አይኖረውም። በሰዓታችሁ ጥቂት ጥቂት ብሉ፣ ቀኑን ሙሉ ጠጡ።

ተቅማጥ ከጀመረ

መጀመሪያ ተቅማጥ መሆኑን አረጋግጡ። አልኮል ወይም ቅባት ከበዛበት ምግብ በኋላ አንዴ መላላቱ ሕመም አይደለም። ሰገራው እንደ ውሃ ሆኖ በ24 ሰዓት ውስጥ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ከመጣ፣ ቁርጠት ወይም ማቅለሽለሽ ካለበት፣ ተቅማጥ ነው። ሁልጊዜም ቢሆን ሰገራችሁ ላላ ያለ ከሆነ ከራሳችሁ የዘወትር ሁኔታ ጋር አወዳድሩት።

አንድ አታላይ ነገር አለ። ለጥቂት ቀን ምንም ሳይወጣ ቆይቶ በድንገት ውሃ የሚመስል ነገር ከመጣ፣ የደረቀ ሰገራ ዘግቶ ፈሳሹ በጎኑ እያለፈ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን ተቅማጥ የሚያቆም መድኃኒት ነገሩን ያባብሰዋል። ሐኪም ጠይቁ።

ተቅማጥ ከሆነ ግን ወዲያው ወደሚደፋው ከረጢት ቀይሩ። አንድ ሦስተኛ ሲሞላ ድፉት፤ ፈሳሽ ይከብዳል፣ ክብደቱም ማጣበቂያውን ይስባል። ማታ በየ2 እና 3 ሰዓቱ ስልካችሁ ይቀስቅሳችሁ። ከማጣበቂያው ሥር ማቃጠል ወይም ማሳከክ ከተሰማችሁ ሰገራው ገብቷል ማለት ነው። በላዩ ላይ ፕላስተር አትለጥፉ፤ ሰገራውን ቆዳችሁ ላይ ቆልፋችሁ ማሳደር ይሆናል። ንቀሉት፣ በውሃ አጽዱ፣ አድርቁ፣ የተላጠው ቦታ ላይ የስቶማ ዱቄት ነስንሳችሁ ትርፉን አራግፉ፣ አዲስ ለጥፉ። ቀዳዳው ከስቶማው በ2 ወይም 3 ሚሊሜትር ብቻ ይስፋ። አንጀት ማጠብም እስክትድኑ ይቁም።

ከዚያ መጠጣት። ከመድኃኒት ሁሉ የሚቀድመው ይህ ነው። ኦአርኤሱን ማሸጊያው በሚለው የውሃ መጠን ብቻ በጥብጡ፤ ለ1 ሊትር የሚሆን አለ፣ ለ200 ሚሊ ሊትር የሚሆንም አለ። አወፍሮ መበጥበጥ ይጎዳል። ከሌላችሁ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልክ ልክ (ያልተከመረ) የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በደንብ አሟሙ። ከረጢቱን በደፋችሁ ቁጥር አንድ ብርጭቆ ጠጡ። ካስመለሳችሁ 10 ደቂቃ ቆዩና በማንኪያ በማንኪያ ጀምሩ። ከተበጠበጠ 24 ሰዓት ያለፈውን ኦአርኤስ ድፉት። ለስላሳና ጣፋጭ ጭማቂ ኦአርኤስን አይተኩም፤ ስኳራቸው ብዙ ስለሆነ ውሃውን ወደ አንጀት እየሳበ ተቅማጡን ያባብሳል።

በቂ መጠጣታችሁን የሚነግራችሁ ሽንታችሁ ነው። ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው። ከጠቆረና ካነሰ ጨምሩ።

ምግብ ሲያሰኛችሁ ብሉ፤ ሆድ ይረፍ ብላችሁ ቀኑን አትጹሙ። ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝ፣ ዳቦና ቀለል ያለ ሾርባ ይስማማሉ። ወተት፣ ቡናና አልኮል ለጥቂት ቀን ይቆዩ።

ሎፐራማይድ አንጀትን ያዘገያል፤ ጀርሙን ግን አይገድልም። ረጅም መንገድ መሄድ ግድ ለሆነበት ቀን በጣም ይረዳል። ሰገራችሁ ውስጥ ደም ካለ ወይም ከፍ ያለ ትኩሳት ካላችሁ አትውሰዱት። መጠኑን ከመሄዳችሁ በፊት ፋርማሲስት ይንገራችሁ። ቢስመዝ ያለበት የሆድ መድኃኒት ከወሰዳችሁ ደግሞ ሰገራችሁ ይጠቁራል። እናንተ ሰገራችሁን ስለምታዩት እንዳትደነግጡ ነው የምነግራችሁ። ሳትወስዱት ከጠቆረ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

ሐኪም ቤት የሚያስኬደው

ደም ያለበት ሰገራ፣ ወይም ያለ ምክንያት እንደ ሬንጅ የጠቆረ። ከ38.5 ዲግሪ በላይ ትኩሳት። የጠጡትን ሁሉ ማስመለስ። ለ8 ሰዓት ሽንት አለመምጣት፣ ሲነሱ ራስ ማዞር፣ ግራ መጋባት። ተቅማጡ 3 ቀን አልፎትም አለመቀነስ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ነገ እናያለን አትበሉ። ኬሞቴራፒ ላይ ያላችሁ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባችሁ ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ሳትጠብቁ በመጀመሪያው ቀን ሂዱ።

ሁለት ነገሮች ድንገተኛ ናቸው። ሰገራም ጋዝም ቆሞ፣ ሆድ ተነፍቶ፣ ቁርጠትና ትውከት ካለ አንጀት ተዘግቶ ሊሆን ይችላል። ስቶማው ከቀይነቱ ወጥቶ ወደ ወይን ጠጅ ወይም ጥቁር ከተለወጠ ደም እየደረሰው አይደለም። በሁለቱም ምንም ሳትበሉና ሳትጠጡ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

እዚያ ስትደርሱ ኮሎስቶሚ እንዳላችሁ ከሁሉ ቀድማችሁ ተናገሩ። የዘወትር ሰገራችሁ እንዴት እንደሆነና አሁን በምን እንደተለወጠ ንገሩ። የሚያክማችሁ ሰው ስለ ስቶማ ብዙ ልምድ ላይኖረው ስለሚችል ደብዳቤውን አሳዩት።

ከተመለሳችሁ በኋላ

አብዛኛው የመንገደኛ ተቅማጥ በጥቂት ቀን ውስጥ ይቆማል። ሰገራው ወደ ወትሮው ተመልሶ አንድ ሁለት ቀን ሲቆይ ወደ ቀድሞ ከረጢታችሁና፣ የምታጥቡም ከሆነ፣ ወደ ማጠቡ ተመለሱ። ቤት ከገባችሁ በኋላም መላላቱ፣ መነፋቱና ክብደት መቀነሱ ከ2 ሳምንት በላይ ከቀጠለ ጃርዲያ ሊሆን ይችላል። ይህ ጥገኛ ተህዋስ ከገባ አንድ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ነው ምልክት የሚያሳየው፤ በራሱ ላይጠፋም ይችላል። የት እንደነበራችሁ ለሐኪሙ ንገሩና የሰገራ ምርመራ ይታዘዝላችሁ። ናሙናውን ከከረጢቱ መውሰድ የምትችሉ ከሆነ አዲስ ከተለጠፈ ንጹሕ ከረጢት ውሰዱ፤ ጠረን ማጥፊያ የተጨመረበት አይሁን።